ለአደን የሚያገለግል ከፍተኛ ጥራት ያለው የርቀት መነጽር አመራረጥ

ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች አቅራቢያ ከሚኖሩ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት መካከል በመንገድ መሪነት፣ በዱካ ተከታታይነትና በስካውትነት የሚሠሩ አሉ። እነዚህ ሠራተኞች ዘወትር ከሚጠይቋቸው የሥራ መሣሪያዎች አንዱ የርቀት መነጽር፣ በተለምዶ ባይኖኩላር የምንለው ነው። ዋጋው ከፍተኛ ስለሆነና በገበያ ላይ የሚቀርበውም ዓይነት ስለሚበዛ፣ ለግዢው ገንዘብ የሚመድቡ ማኅበራትና እነርሱን የሚያማክሩ የልማት ሠራተኞች ሊያውቁት የሚገባውን በዚህ ጽሑፍ አቅርበናል። ምሳሌያችን በባሌና በአርሲ ከፍተኛ ቦታዎች የሚገኘው የደጋ አጋዘን ይሆናል።

መነጽሩ የሚሠራው ሥራ

የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ እንስሳ ነው። አደኑ የሚፈቀደው በፈቃድና በኮታ ሲሆን፣ የሚታደነውም ዕድሜው የገፋ ወንድ ብቻ መሆን ይገባዋል። ሴቷ ቀንድ የላትም። ስለዚህ ወንድና ሴትን መለየት ለማንም አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ወጣቱን ወንድ ከሽማግሌው መለየት ነው። ልምድ ያለው መሪ የቀንዱን ርዝመት ከጆሮው ጋር ያወዳድራል፣ የቀንዱን ውፍረትና ጠመዝማዛነት ያያል፣ የጫፉን መበላት ይመረምራል፣ የጠጉሩንም ቀለም ይመለከታል፤ ወንዱ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር እየጠቆረ ይሄዳልና። ይህን ሁሉ የሚያደርገው እንስሳው ከአስታ ቁጥቋጦ ወይም ከኮሶ ጥላ ሥር ግማሽ አካሉን ደብቆ ቆሞ፣ ያውም በማለዳ ወይም ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው።

መሪው በዚህ ጊዜ ከተሳሳተ የተተኮሰው ጥይት አይመለስም። ከኮታው አንድ ይጎድላል፤ ለመንጋው ዘር የሚሆነውም ወጣት ወንድ አብሮ ይጎድላል። ለአንድ የደጋ አጋዘን የሚጠየቀው የአደን ክፍያ ደግሞ ከማንኛውም መነጽር ዋጋ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ውድ መነጽር መግዛት ትርፍ ወጪ ነው የሚሉ አባላት ሲያጋጥሙ፣ የልማት ሠራተኛው ሒሳቡን ከዚህ አንጻር ማስረዳት ይኖርበታል። በአንጻሩ ማኅበሩ መነጽሩን የሚፈልገው ዝንጀሮና ከርከሮ ከማሳ ለመጠበቅ ወይም የግሪሳ ወፍ ማደሪያን ለማሰስ ብቻ ከሆነ፣ መካከለኛ ዋጋ ያለው ይበቃዋል፤ የተረፈውን ገንዘብ ለሌላ ቢያውለው እንመርጣለን።

በመነጽሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር

በማንኛውም መነጽር ላይ 8×42 ወይም 10×42 የሚል ጽሑፍ ይገኛል። የመጀመሪያው ቁጥር መነጽሩ ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ፣ ሁለተኛው የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊ ሜትር ስንት እንደሆነ ያመለክታል። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስናካፍል ከመነጽሩ ወጥቶ ወደ ዓይናችን የሚገባውን የብርሃን ክብ ስፋት እናገኛለን። ለ8×42 ይህ 5.25 ሚሊ ሜትር፣ ለ10×42 ደግሞ 4.2 ሚሊ ሜትር ነው። የወጣት ሰው የዓይን ብሌን በጨለማ እስከ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይከፈታል፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን ከ5 ብዙም አያልፍም። በየሱቁ «ኃይለኛ» እየተባለ የሚሸጠው 20×50 የሚሰጠው 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እኩለ ቀን ላይ ደህና ያሳያል። ጎሕ ሲቀድ ግን ምስሉ ይጨልማል። ከዚህም በላይ ያለ መቆሚያ በእጅ ሲያዝ የእጅን መንቀጥቀጥ አብሮ 20 ጊዜ ስለሚያጎላው ቀንዱን መመርመር አይቻልም። የማጉላት ኃይላቸው በመዘውር ከፍና ዝቅ የሚለውንም ለዚህ ሥራ አንመክርም።

ብዙ ሙያተኛ አዳኞች 10×42ን ይመርጣሉ። ምክንያታቸውም ተገቢ ነው፤ ከሸንተረር ሸንተረር ሲታይ የቀንዱ ጫፍ ይበልጥ ይለያል። ይሁን እንጂ አንድ መነጽር ብቻ መግዛት ለሚችልና ያንኑ ለብዙ አባላት ለሚያዳርስ ማኅበር እኛ 8×42ን እናስቀድማለን። ሲይዙት ይረጋል፣ ለዓይን አይመርጥም፣ በ1,000 ሜትር ርቀት ላይ እንደየሥሪቱ 130 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚሆን ስፋት ያሳያል፤ የ10×42 ስፋት አብዛኛውን ጊዜ ከ110 እስከ 120 ሜትር ነው። በአስታ ውስጥ የሚንቀሳቀስ እንስሳ ፈልጎ ለማግኘት ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ስለ 56 ሚሊ ሜትር ሌንስ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። በጀርመንና በኦስትሪያ አዳኞች ማማ ላይ ተቀምጠው ከርከሮ መሰሉን የዱር አሳማ በምሽት ስለሚጠብቁ 8×56 በጣም ይወደዳል። በዚያ አገር በተለይ በበጋቸው ወራት ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ድንግዝግዙ ረጅም ጊዜ ይቆያል። በእኛ አገር ግን ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ከ1 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን መነጽር አንገት ላይ አንጠልጥሎ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን ዳገት ቀኑን ሙሉ መውጣት ለዚያች አጭር ጊዜ አያዋጣም። የመሣሪያ ዝርዝር ከውጭ መጽሔት ሲገለበጥ እንዲህ ያለው ነገር ይዘነጋል።

ገንዘቡ የሚሄድበት

በመነጽር ውስጥ ምስሉን የሚያቃኑት ፕሪዝም የሚባሉ መስታወቶች ናቸው። ይህን ዘዴ ጣሊያናዊው ኢግናሲዮ ፖሮ እ.ኤ.አ. በ1854 አወጣው፤ የጀርመኑ የዛይስ ድርጅት በ1894 በፕሪዝም የሚሠራ መነጽር ለገበያ አቀረበ። ብርሃን ቅብ የሌለው መስታወት ውስጥ ሲገባና ሲወጣ በእያንዳንዱ ገጽ ከመቶ 4 ያህሉ ተንጸባርቆ ይመለሳል። አሥር ገጽ ካለ ሲሶው ገደማ ጠፋ ማለት ነው። በ1935 የዛይስ ባልደረባ አሌክሳንደር ስማኩላ ነጸብራቅ የሚቀንስ ስስ ቅብ ፈለሰፈ። ዛሬ በጥሩ መነጽር ውስጥ ሁሉም ገጽ ብዙ ድርብ ቅብ ስላለው ከገባው ብርሃን ከመቶ 90 ገደማ ወደ ዓይን ይደርሳል። ቀጥ ያለ ቱቦ ላላቸው መነጽሮች ደግሞ ከ1988 ጀምሮ የምስሉን ጥራት የሚጠብቅ ልዩ የፕሪዝም ቅብ መጥቷል፤ ይህ የሌለውን አይግዙ።

በከፍተኛው ደረጃ ላይ የሚጠቀሱት የኦስትሪያው ስዋሮቭስኪ፣ የጀርመኖቹ ዛይስና ላይካ ናቸው። የእነዚህ ምርጥ መነጽሮች ከ2,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ያወጣሉ። የዚህን ሲሶ ወይም ሩብ የሚያወጡ ጥሩ የጃፓን ድርጅቶች ሥሪቶችም አሉ፤ በቀን ብርሃን ልዩነቱን ለማየት ያስቸግራል። ልዩነቱ የሚታወቀው በማለዳና በምሽት፣ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትሆን፣ እንዲሁም ሦስትና አራት ሰዓት ሳያቋርጡ ሲመለከቱ ነው፤ ጥሩው ዓይንን አያደክምም፣ ራስም አያሳምም። ለማኅበር ከሦስት ርካሽ መነጽሮች አንድ ጥሩ ይሻላል ብለን የምንመክረው ለዚህ ነው።

ከመግዛት በፊት የሚደረግ ምርመራ

መነጽሩን ከሱቅ ደጃፍ ሳያወጡ መግዛት ትልቅ ስህተት ነው። ከተቻለ ሻጩን አስፈቅዶ ከ12 ሰዓት በኋላ ወደ ጥላ ወይም ወደ ዛፍ ሥር መመልከትና ከሌላው ጋር ማወዳደር ይገባል።

መብራት በፊተኛው ሌንስ ላይ ሲያርፍ የሚታየው ነጸብራቅ ደብዘዝ ያለ ወይን ጠጅ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ቅቡ አለ፤ ነጭና ደማቅ ነጸብራቅ ካለ ያ ገጽ አልተቀባም። እንደ መስታወት የሚያበራ ቀይ ቅብ ለማስዋብ የተደረገ ስለሆነ አያታልል። ከዚያም መነጽሩን ከዓይን አንድ ክንድ ያህል አርቆ ወደ ሰማይ ሲያነጣጥሩ በዓይን በኩል ባለው ሌንስ ላይ የብርሃን ክብ ይታያል። ክቡ ድፍን መሆን አለበት፤ ጠርዙ አራት ማዕዘን መስሎ ከጠቆረ ፕሪዝሙ ዝቅተኛ ነው። በሩቅ የሚታይ የኤሌክትሪክ ምሰሶ እየተመለከቱ መነጽሩን ቀስ ብለው ከዓይን ሲያርቁት ምሰሶው ሁለት ሆኖ ከታየ ቱቦዎቹ ተዛንፈዋል። እንዲህ ያለው በአገልግሎት ላይ በዋሉ መነጽሮች የተለመደ ነው። በእነርሱ ውስጥ የሸረሪት ድር የሚመስል ሻጋታም መኖሩን በባትሪ አብርቶ ማየት ያስፈልጋል። የሻገተ ሌንስ በዋጋ ቅናሽ አይካስም።

ከሠራተኞቹ መካከል የዓይን መነጽር የሚያደርግ ካለ እርሱ ራሱ ይሞክረው። ለእርሱ ምስሉ ከሌንሱ ቢያንስ 16 ሚሊ ሜትር ርቆ በሙሉ መታየት አለበት፤ አለዚያ የሚያየው መሐሉን ብቻ ይሆናል። ርቀት የሚለካ ጨረር አብሮ የተሠራለት መነጽር ለተኳሹ ይጠቅማል፤ ነገር ግን በባትሪ የሚሠራና ዋጋው የናረ ስለሆነ የመጀመሪያ ግዢ ባይሆን ይመረጣል።

ከውጭ ለሚያስመጡ ማኅበራት፦ ትዕዛዝ ከመስጠት በፊት የጉምሩክና የሚመለከታቸውን የጸጥታ መሥሪያ ቤቶች ስለ መግቢያ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዕቃው ደርሶ ከተያዘ በኋላ ማስፈቀድ አድካሚ ነው።

አያያዝ

ውስጡ በናይትሮጅን ጋዝ የተሞላ መነጽር ከውስጥ አይተንም፤ ከውጭ ግን ይተናል። በውርጭ ሌሊት የቀዘቀዘውን መነጽር እሳት ወደሚነድበት ቤት ሲያስገቡ በቦርሳው እንዳለ ቀስ ብሎ እንዲሞቅ መተው ነው። በጭስ ቤት ውስጥ ክፍቱን መስቀል ሌንሱን በጥላሸት ያለብሰዋል። አቧራ ሲይዘው በመጀመሪያ በእፍታ ወይም በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ፣ ከዚያም በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ፤ በጋቢ ጫፍ ወይም በካፖርት እጅጌ ማሸት ቅቡን ይፍቃል። በክረምት የረጠበ የቆዳ ማህደር ውስጥ ከድኖ ማስቀመጥ ሻጋታን መጋበዝ ስለሆነ፣ ማታ ማታ አውጥቶ ነፋስ በሚያገኘው ደረቅ ቦታ ማሳደር ያስፈልጋል። መነጽሩን የሚረከብና የሚያስረክብ አንድ ሰው ተመድቦ በመዝገብ ይፈርም። በየአደኑ መጨረሻም የምሰሶው ሙከራ ይደገምና ውጤቱ በዚያው መዝገብ ላይ ይጻፍ።