ስለ ጡብ ግንብ መጋጠሚያ

ልጆች ሆይ፥ በጡብ ከተሠራ ግንብ አጠገብ ቆማችሁ ተመልከቱ። ዐይናችሁ አስቀድሞ የሚያየው ጡቡን ነው፤ ቀለሙ ቀይ፥ ማዕዘኑም የቀና ነው። በጡብና በጡብ መካከል ያለውን ቀጭን የኖራ መሥመር ግን ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ይህ መሥመር መጋጠሚያ ይባላል። ርዝመቱ 25 ሳንቲ ሜትር፥ ከፍታው 6 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጡብ በ1 ሳንቲ ሜትር መጋጠሚያ ቢደረደር፥ ከግንቡ ፊት ከስድስት እጅ አንዱ እጅ ያህል መጋጠሚያ ነው። እንግዲህ ትንሽ የሚመስለው ነገር ትንሽ አይደለም።

የመጋጠሚያው ሥራ ሦስት ነው። ፊተኛው፥ ጡቦቹን አስተካክሎ ያስቀምጣል፤ ከላይ የሚመጣውንም ክብደት ከጡብ ወደ ጡብ ያካፍላል። ሁለተኛው፥ ዝናምና ነፋስ እንዳይገባ ክፍተቱን ይደፍናል። ሦስተኛው፥ ግንቡ የጠጣው ውኃ ተመልሶ የሚወጣበት በር ነው። ይህን ሦስተኛውን ሥራ ብዙ ሰው አያውቀውም፤ የዛሬው ትምህርታችን ግን ይልቁንም ስለ እርሱ ነው።

ሙቀትና ዝናም በሚበዛበት አገር መጋጠሚያ ቶሎ ያረጃል። በክረምት ነፋስ ዝናሙን እየገፋ ግድግዳውን ይመታዋል፤ ከጣራ የሚወርደውም ውኃ መሬቱን መትቶ ጭቃ ይረጭበታል። ዝናሙ ባባራ ጊዜ ፀሐይ ወጥታ ያንኑ ግድግዳ ታቃጥለዋለች። እንዲህ እየራሰና እየደረቀ ሲኖር ኖራው ይላላል፥ አሸዋውም ይረግፋል። በተከፈተውም ቀዳዳ ወፍ የጣለችው የዛፍ ፍሬ ይበቅልበታል፤ ሥሩም ሲወፍር ጡቡን ከጡብ ይለያያል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፥ ግንብም የሚፈርሰው በአንድ ቀን አይደለም።

አሁን አንድ ታሪክ ስሙ።

በምዕራብ ኢትዮጵያ፥ ሙቀት በሚያይልበትና ዝናም በሚበዛበት ቆላ፥ አንድ የጡብ ትምህርት ቤት ነበረ ይባላል። ጡቡ ከአገሩ ሸክላ ተሠርቶ በእንጨት እሳት የተተኰሰ ስለ ሆነ ብዙ የጠነከረ አልነበረም፤ መጋጠሚያውም ኖራና አሸዋ ነበረ። ዝናም ዘወትር በሚመታው በምዕራቡ ግድግዳ መጋጠሚያው ታጥቦ ጐደጐደ። የትምህርት ቤቱ አለቃ አንድ ወጣት ግንበኛ ጠርተው ጠግንልን አሉት። ወጣቱም ያረጀውን ኖራ ቈፍሮ ሳያወጣ፥ ሲሚንቶ አብዝቶ ለውሶ፥ በሦስት ቀን ላይ ላዩን ለጠፈበት። ግድግዳው አማረ። አለቃውም አመሰገኑት፥ ዋጋውንም ከፈሉት።

አራት ክረምት አለፈ። ከዚያ በኋላ በጥቅምት ወር ወጣቱ በዚያ መንገድ ሲያልፍ ሥራውን ለማየት ቀረበ። ሲሚንቶው እንደ ተሠራ አለ፤ ጡቡ ግን ፊቱ ተልጦ ወደ ውስጥ ጐድጕዶ ነበር። ሲሚንቶው ማሩ እንደ ወጣለት የማር እንጀራ ብቻውን ቆሞ ይታይ ነበር። ከግድግዳውም ሥር ቀይ የጡብ ዱቄት ተከምሮ ነበር። በጣቱ ቢነካው ጡቡ እንደ አሸዋ ረገፈ። ከግድግዳው በስተውስጥ ያለውም ክፍል ትንንሾቹ ተማሪዎች የሚተኙበት ነበር።

ወጣቱ ደነገጠ። ማንም አላየውም ነበርና ዝም ብሎ ሊሄድ አሰበ። በልቡም፦ ያመሰገኑኝ ሰዎች ዛሬ ምን ይሉኛል? አለ። ነገር ግን በመስኮቱ የልጆቹን አልጋ ባየ ጊዜ እግሩ አልሄድ አለው። በዚያው ማታ ሥራውን ወዳስተማሩት ሽማግሌ ግንበኛ ቤት ሄዶ ያየውንና ያደረገውን ሳይደብቅ ነገራቸው።

ሽማግሌውም፦ ልጄ፥ መጥተህ ስለ ነገርኸኝ የግንቡን እኩሌታ ጠገንኸው፤ የቀረውን ነገ አብረን እናየዋለን፤ አሉት።

በማግሥቱ ወደ አለቃው ሄዱ። ወጣቱም ጥፋቱን በራሱ አንደበት ተናግሮ፥ ያለ ዋጋ እጠግነዋለሁ አለ። አለቃውም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ልጆቹን ወደ ሌላ ክፍል አስወጥተው፥ ሥራውን እንዲጀምር ፈቀዱለት።

ወጣቱ ግድግዳውን እያየ፦ አባቴ፥ ሲሚንቶ ከኖራ ይልቅ ይጠነክር የለምን? ጠንካራው እንዴት ጎዳ? ብሎ ጠየቃቸው።

ሽማግሌውም እንዲህ ሲሉ መለሱለት፦ የጎዳው ጥንካሬው ነው። ጡብ ውኃ ይጠጣል፤ በክረምት የጠጣውንም በበጋ ይተፋዋል። መጋጠሚያው ኖራ ሲሆን ውኃው በዚያ በኩል ቀስ ብሎ ይወጣል። ሲወጣም የሟሟ ጨው ይዞ ይመጣል፤ ውኃው ሲደርቅ ጨው ይረጋል፥ የረጋበትንም ስፍራ ይሰነጥቃል። መጋጠሚያው ለስላሳ ከሆነ የሚጎዳው መጋጠሚያው ነው፤ እርሱን መለወጥ ቀላል ነው። አንተ ግን የውኃውን በር ዘጋህበት። ስለዚህ ውኃው በጡቡ ፊት ወጣ፥ ጨውም ጡቡን ላጠው። ደግሞ ጡብ በቀን ሙቀት ጥቂት ይሰፋል፥ በሌሊት ቅዝቃዜ ጥቂት ይጠብባል። ኖራ ከእርሱ ጋራ እሺ ይላል፤ ሲሚንቶ ግን እንቢ ይላል። እንቢ ባለ ጊዜ በዳር በዳሩ ቀጭን ስንጥቅ ይከፈታል፤ በዚያም ዝናም ይገባል፥ ገብቶም መውጫ ያጣል።

ወጣቱም፦ እንግዲያስ ሲሚንቶ ክፉ ነገር ነውን? አለ።

እርሳቸውም፦ ክፉስ አይደለም። ለድልድይ፥ ለውኃ ጕድጓድ፥ በጠንካራ ድንጋይ ለሚሠራ አዲስ ግንብ ይጠቅማል። ነገር ግን መጋጠሚያ ከጡቡ መጠንከር አይገባውም። ለአሮጌ ግንብ አስቀድሞ የተሠራበትን የሚመስል ነገር ስጠው፤ አሉት።

ከዚህ በኋላ ሥራ ጀመሩ። የመጀመሪያ ሥራቸው ግን ኖራ መለወስ አልነበረም። ሽማግሌው፦ ውኃው ከየት እንደ መጣ ሳታውቅ ቀዳዳ አትድፈን፤ ብለው ግድግዳውን ዞሩት። የጣራው ክዳን ዳር አጭር ሆኖ ውኃው በግድግዳው ላይ ይወርድ ነበር፤ ከሥሩም አፈር ተከምሮ እርጥበት ይዞ ነበር። ክዳኑን አስረዘሙ፥ አፈሩን አንሥተው ውኃ የሚሄድበት ቦይ ቈፈሩ። የበቀለውንም ቡቃያ ከነሥሩ ነቀሉ።

ሁለተኛ፥ በመሮና በመዶሻ ሲሚንቶውንና የላላውን ኖራ አወጡ። መጋጠሚያው 1 ሳንቲ ሜትር ስፋት ስለ ነበረው፥ ከ2 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ድረስ ወደ ውስጥ ቈፈሩት። ጥልቀቱ ከስፋቱ እጥፍ ካላነሰ አዲሱ ኖራ ይይዛል፤ ላይ ላዩን የተለጠፈ ግን ይወድቃል። የጡቡ ከንፈር እንዳይሰበር ቀስ ብለው ሠሩ፤ ግንቡም እንዳይናጋ ጥቂት ጥቂት ስፍራ ብቻ ከፈቱ። ፈጽሞ የተበላሸውንም ጡብ አንድ በአንድ አውጥተው በሌላ ጡብ ተኩ።

ሦስተኛ፥ ትቢያውን ከላይ ወደ ታች በብሩሽ ጠርገው በውኃ አጠቡት። ማታ አራሱት፥ ጧትም ደግመው ረጩበት። የደረቀ ጡብ ከአዲሱ ኖራ ውስጥ ውኃውን ይመጥጠዋልና ኖራው ሳይጠነክር ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ነገር ግን ውኃ እየተንጠባጠበ አልሞሉትም፤ ርጥብ ሆኖ ውኃ የማይቋጥር እስኪሆን ጠበቁ።

አራተኛ፥ አንድ እጅ ኖራና ሦስት እጅ በወንፊት የተነፋ ንጹሕ አሸዋ ለወሱ። ኖራ ማለት በእሳት የተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ውኃ ሲያፈሱበት ይፈላል፥ ይፈርሳል፥ እንደ ሊጥም ይሆናል። ልጆች ሆይ፥ ኖራ ቆዳን ይልጣል፥ ዐይንንም ያጠፋል፤ ስለዚህ አትጫወቱበት። ልውሱን አላቀጠኑትም፤ በእጅ ሲጨብጡት የሚቆም እንጂ የሚፈስ እንዳይሆን አደረጉት።

አምስተኛ፥ ልውሱን በቀጭን ብረት እየገፉ በየንብርቡ ሞሉት፤ አንዱ ንብርብ ከ1 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም ነበር። ፊተኛው ጠንከር ሲል ሁለተኛውን ጨመሩ። በመጨረሻ አውራ ጣት ሲጫኑት የማይሰጥም በሆነ ጊዜ ፊቱን አስተካከሉት። ውኃ የሚያርፍበት ደረጃ አልተዉበትም፥ የጡቡንም ፊት አልቀቡትም።

ስድስተኛ፥ ጥላን እየተከተሉ ሠሩ። ጧት ፀሐይ ያላገኘውን የምዕራቡን ግድግዳ ሠሩ፤ ከቀትር በኋላ ፀሐይ ስትዞርበት እርጥብ ጆንያ ጋረዱበት። ሳምንት ሙሉ ጧትና ማታ ጆንያውን አራሱት። ኖራ የሚጠነክረው ቶሎ በመድረቅ አይደለም፤ ከነፋሱ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን አየር ቀስ እያለ እየሳበ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ለዚህም እርጥበትና ጊዜ ያስፈልገዋል። ወጣቱ በሦስት ቀን የጨረሰው ሥራ አሁን ከወር በላይ ወሰደ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

ይህ ነገር በታሪክ ብቻ የሚነገር አይደለም። በጎንደር ዐፄ ፋሲል ያሠሩት ግንብ ከድንጋይና ከኖራ የተሠራ ነው። ጣልያን አገራችንን በያዘበት ዘመን፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1936 እስከ 1941 ባለው ጊዜ፥ ከጎንደር ግንቦች አንዳንዱ ክፍል በሲሚንቶ ተጠገነ። በኋላ ግን ከ1970ዎቹ ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ርዳታ ጥገናው ወደ ኖራ ተመለሰ።

ጡብ በበዛበት በሩቅ አገርም እንዲሁ ነው። በባንግላዴሽ ባገርሃት በምትባል ከተማ፥ በ1459 የሞተው ካን ጃሃን ያሠራው ታላቅ የጡብ መስጊድ አለ። በዚያ አገር ድንጋይ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ሰው የሚሠራው በጡብ ነው፤ ክረምቱም እንደ እኛ አገር ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። የዚያ አገር ግንበኞች ሸክላ ወቅጠው ዱቄቱን ከኖራ ጋራ ይለውሱ ነበር፤ እንዲህ ያለው ልውስ በእርጥብ ስፍራም ይጠነክራልና። ከመሬት የሚወጣው ጨው እስከ ዛሬ ያንን መስጊድ ይፈታተነዋል፤ ነገር ግን ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ቆሟል።

ወደ ትምህርት ቤቱ እንመለስ። ሥራው ባለቀ ጊዜ ግድግዳው እንደ ፊተኛው አላበራም፤ መጋጠሚያውም ጥቂት ወደ ውስጥ የገባ፥ ቀለሙም የደበዘዘ ነበር። ወጣቱም፦ አባቴ፥ ይህንስ ማን ያመሰግነዋል? አለ። ሽማግሌውም፦ ሰኔ ሲመጣ በውስጡ የሚተኙት ልጆች ሳይነቁ ካደሩ፥ ምስጋናህ እርሱ ነው፤ አሉት።

ልጆች ሆይ፥ ሰውም እንደ ግንብ ነው። ጥፋት ወደ ልብ ይገባል፤ መውጫ በር ካገኘ ጉዳቱ ትንሽ ነው፥ መጠገኛውም ቀላል ነው። ፊቱን አሳምረው የደፈኑት ጥፋት ግን በውስጥ ተቀምጦ ጡቡን ይበላል። ስለዚህ ያጠፋ ልጅ በዚያው ቀን ለአባቱ፥ ለእናቱ፥ ወይም ለመምህሩ ይንገር። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉ አባቶቻችን እውነት ተናገሩ።

ጥያቄ።

1ኛ፥ የመጋጠሚያ ሦስቱ ሥራዎች ምንና ምን ናቸው?
2ኛ፥ ሲሚንቶው ሳይፈርስ ጡቡ የተላጠው ስለ ምን ነው?
3ኛ፥ ኖራ ከመለወሳቸው በፊት ምን ሠሩ? ስለ ምን?
4ኛ፥ የመጋጠሚያ ስፋት 1 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ምን ያህል ወደ ውስጥ ይቈፈራል?
5ኛ፥ ወጣቱ ማንም ሳያየው ሄዶ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር?