በረራው ስንት ሰዓት ይገባል? ቲኬትንና በረራን በኢንተርኔትና በድምፅ ማጣራት

እናታችሁ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ልትመጣ ነው እንበል። ሁለት ነገር ማወቅ ትፈልጋላችሁ። አንደኛው፣ ቲኬቷ በትክክል ተቆርጧል ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ አውሮፕላኑ ተነስቷል ወይ፣ ስንት ሰዓትስ ይገባል የሚለው ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን እንደ አንድ ጥያቄ ያያቸዋል። ኮምፒውተሩ ግን መልሱን የሚያወጣው ከተለያዩ መዝገቦች ነው፤ የመጀመሪያው መዝገብ የግል ነው፣ ሁለተኛው የአደባባይ። ይህን ልዩነት ከያዝን የትኛውን በድምፅ መጠየቅ እንደሚሻል፣ አማርኛ የሚናገር ረዳት ለመሥራት ስናስብም ከባዱ ነገር የት ላይ እንዳለ ይገባናል።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ቲኬቱ አለ ወይ?

ቦታ ሲያዝ በአየር መንገዱ ሲስተም ውስጥ ፒኤንአር የሚባል ፋይል ይከፈታል። የተጓዡን ስም፣ መስመሩን፣ የበረራ ቀኑን፣ ስልኩን፣ አንዳንዴም የፓስፖርት ቁጥሩን ይይዛል። መለያው ፊደልና ቁጥር ሊቀላቀልበት የሚችል ባለ 6 ምልክት ኮድ ነው።

አሠራሩ የቆየ ነው። አሜሪካን ኤርላይንስና አይቢኤም የሠሩት ሴበር የተባለው ሲስተም ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። ያኔ ሲስተሙን የሚነካው የአየር መንገዱ ሠራተኛ ብቻ ስለነበር ኮዱ የፋይል ቁጥር እንጂ ሚስጥር አልነበረም። ኢንተርኔት ሲመጣ ግን ያው ቁጥር የይለፍ ቃል ሆኖ አረፈው። ዛሬ በብዙ አየር መንገዶች ድረ ገጽ ላይ ኮዱንና የተጓዡን የመጨረሻ ስም ያስገባ ሁሉ ፋይሉን ይከፍታል።

ይህ ምን ያህል አደጋ እንዳለው ካርስተን ኖልና ኔማንያ ኒኮዲዬቪች የተባሉ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ጀርመን ውስጥ በተደረገ የኮምፒውተር ደህንነት ጉባኤ ላይ አሳይተዋል። በ2020 ደግሞ የቀድሞው የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ አቦት የጉዞ ወረቀታቸውን ፎቶ ኢንስታግራም ላይ ለጠፉ። አንድ ወጣት ወረቀቱ ላይ ያለውን ኮድና ስማቸውን ብቻ አስገብቶ ገጹን ከፈተ፤ የፓስፖርት ቁጥራቸውንና ስልካቸውንም ከገጹ ኮድ ውስጥ አገኘ። ስለዚህ ቦርዲንግ ፓስ ቲክቶክም ሆነ ቴሌግራም ላይ አይለጠፍ። ጽሑፉን መሸፈንም አይበቃም፤ ባርኮዱ ራሱ ስሙን፣ ኮዱንና የወንበር ቁጥሩን ይዟል።

ስታጣሩ ሦስት ነገር ልብ በሉ፦

1. ኮድ መኖሩ ብቻ ቲኬት ተቆርጧል ማለት አይደለም። ቦታ ተይዞ ክፍያው ካልተጠናቀቀ ፋይሉ አለ፣ ቲኬቱ ግን የለም። ማረጋገጫው ባለ 13 አኃዝ የቲኬት ቁጥር ነው። የመጀመሪያዎቹ 3 አኃዞች የአየር መንገዱ መለያ ናቸው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ 071 ነው። ያ ቁጥር ካልታየ ወደ ቆረጠው ቲኬት ቢሮ ወዲያው ደውሉ።

2. ጉዞው በሁለት አየር መንገዶች ከሆነ ለእያንዳንዳቸው የተለያየ ኮድ ሊኖር ይችላል። ኤጀንቱ የሰጣችሁ ኮድ አንዱ ጋ አልሠራም ማለት ቲኬቱ የውሸት ነው ማለት አይደለም፤ የሌላኛውን አየር መንገድ ኮድ ጠይቁ።

3. ስሙን ቲኬቱ ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ጻፉ። እኛ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም ስለሌለን በ"መጨረሻ ስም" ቦታ አንዳንዱ የአባቱን፣ አንዳንዱ የአያቱን ስም ያስገባል። ፀሐይ የሚለው ስም ደግሞ በላቲን ፊደል በአራትና በአምስት ዓይነት ይጻፋል። በአንድ ፊደል ከተለየ ሲስተሙ "አላገኘሁም" ሊል ይችላል።

በእነዚህ ምክንያቶች ይህን ጥያቄ በድምፅ ባትጠይቁ ይሻላል። ቢ፣ ዲ፣ ቲና ፒ በድምፅ ይመሳሰላሉ፤ የይለፍ ቃልን ደግሞ ባቡር ውስጥ ጮክ ብሎ የሚናገር የለም።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ አውሮፕላኑ የት ደረሰ?

ይህ ሚስጥር የለውም። የበረራ ቁጥሩና ቀኑ ይበቃሉ። ለምሳሌ ኢቲ 500 ብሎ መፈለጊያ ላይ መጻፍ ነው።

መረጃው የሚመጣው ከሁለት ወገን ነው። አንደኛው አየር መንገዱና ኤርፖርቱ የሚያወጡት ነው። ሁለተኛው ከራሱ ከአውሮፕላኑ ይገኛል፤ ኤዲኤስቢ በሚባል ዘዴ አውሮፕላኑ ያለበትን ቦታ፣ ከፍታና ፍጥነት በ1090 ሜጋኸርዝ ሳያቋርጥ ያሰራጫል። እንደ ፍላይትራዳር24 ያሉ ድረ ገጾች በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ጣሪያቸው ላይ የተከሏቸውን መቀበያዎች መረጃ ሰብስበው ካርታ ላይ ያሳያሉ። ውቅያኖስና በረሃ ላይ መቀበያ ስለሌለ ምስሉ ሊቆም ይችላል። የቆመው ምልክቱ ነው፤ አውሮፕላኑ መንገዱን ቀጥሏል።

ገጹ ላይ ሦስት ዓይነት ሰዓት ታያላችሁ፦ የታቀደው፣ የሚገመተውና የሆነው። ልትቀበሉ ስትወጡ የሚጠቅማችሁ የሚገመተው ነው። ቀኑ ደግሞ የመነሻው ቀን መሆኑን አትርሱ። ሰኞ ማታ ከቦሌ የተነሳ አውሮፕላን ዋሽንግተን የሚደርሰው ማክሰኞ ጠዋት ቢሆንም የሚፈለገው በሰኞው ቀን ነው።

በአማርኛ ስንጠይቅ

ቁጥርና ቀን ብቻ ስለሚፈልግ ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ለድምፅ ይመቻል። ጉግል አማርኛን በድምፅ መጻፊያው ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ስለዚህ ንግግርን ወደ ጽሑፍ መቀየር የሚቻል ሥራ ነው። ተጠቃሚው "ኢቲ አምስት መቶ" ሊል ይችላል፣ "አምስት ዜሮ ዜሮ" ሊልም ይችላል፤ ሁለቱንም ወደ 500 መመለስ ቀላል ነው። ከባዱ ሰዓቱ ነው።

ስልኮችና ብራውዘሮች ቀንና ሰዓት የሚጽፉት ሲኤልዲአር ከሚባለው የዩኒኮድ ስብስብ ወስደው ነው። በዚያ ስብስብ አማርኛ "ጥዋት" እና "ከሰዓት" የሚሉ ቃላት አሉት፤ ሰዓቱ ግን የፈረንጅ ነው። ስለዚህ ከእኩለ ሌሊት በኋላ 02:00 የሆነው በረራ "2:00 ጥዋት" ተብሎ ይወጣል። እናታችሁ ይህን ስታነብ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለውን ሁለት ሰዓት ትረዳለች። ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው፤ አውሮፕላኑ ሄዷል።

ለኢትዮጵያ ሰዓት የሚያስፈልገው ቀመር አጭር ነው። ባለ 24ቱን ሰዓት ወስዳችሁ 6 ደምሩ፣ ለ12 አካፍላችሁ ቀሪውን ያዙ፤ ቀሪው 0 ከሆነ 12 በሉ። 22:30 ላይ 28 ይሆናል፣ ቀሪው 4 ነው፤ ከምሽቱ 4:30። የቀኑን ክፍል ከባለ 24ቱ ሰዓት ውሰዱ፦ ከ0 እስከ 5 ሌሊት፣ ከ6 እስከ 11 ጠዋት፣ ከ12 እስከ 17 ቀን፣ ከ18 እስከ 23 ምሽት።

ቀመሩ የማይፈታው አንድ ነገር አለ። ቲኬቱ ማክሰኞ 00:30 ይላል እንበል። እኛ ያንን ሌሊት የሰኞ ሌሊት እንለዋለን። "ማክሰኞ ሌሊት" የተባለ ሰው ማክሰኞ ውሎ አምሽቶ ቢሄድ አንድ ቀን ሙሉ ዘግይቷል። ለዚህ ቋንቋችን የራሱ መፍትሔ አለው፦ "ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል።" የምትሠሩት ረዳት ከ00:00 እስከ 05:59 ላለ በረራ ሁልጊዜ በዚህ መንገድ ይናገር።

ውስጥ ለውስጥ ሰዓቱን በዩቲሲ አስቀምጡ፤ ወደ ሰው ቋንቋ የምትቀይሩት ሊነገር ሲል ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ዓመቱን ሙሉ ዩቲሲ ሲደመር 3 ናት፤ ዋሽንግተን ግን በበጋና በክረምት ሰዓት ስለምትቀያይር ልዩነቱ አንዴ 7፣ አንዴ 8 ሰዓት ይሆናል። ተጠቃሚው "ሁለት ሰዓት ላይ" ብሎ ሲጠይቅም ረዳቱ አይገምት፤ "በአገር ቤት አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጅ?" ብሎ ይጠይቅ።

የቤት ሥራ

ቀመሩን በምትወዱት ቋንቋ ጻፉና በእነዚህ አራት ሰዓቶች ፈትሹት፦ 00:30፣ 06:00፣ 12:00 እና 18:45። መልሱ በቅደም ተከተል ከሌሊቱ 6:30፣ ከጠዋቱ 12:00፣ ከቀኑ 6:00 እና ከምሽቱ 12:45 መሆን አለበት። አራቱም ከወጡላችሁ የ00:30ውን ቀን ጨምሩበትና "አጥቢያ" የሚለውን ቃል በትክክለኛው ቦታ እንዲያስገባ አድርጉት።