የግሪክኛና የላቲን ሊቃውንት ግዕዝን ስለ ምን ተማሩ?

የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ከ1837 እስከ 1901 ድረስ ነገሡ። (በዚህ ትምህርት ዘመኖችን ሁሉ የምንሰጠው በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።) በእርሳቸው ዘመን በእንግሊዝ ታላላቅ ትምህርት ቤቶች ከሁሉ የከበረው ትምህርት የጥንት ግሪክኛና ላቲን መጻሕፍት ጥናት ነበር። በ1843 ሊድልና ስኮት የተባሉ የኦክስፎርድ መምህራን ታላቁን የግሪክኛ መዝገበ ቃላት አሳተሙ። በ1881 ደግሞ ዌስትኮትና ሆርት የተባሉ ሊቃውንት 28 ዓመት የደከሙበትን የሐዲስ ኪዳን የግሪክኛ ንባብ አወጡ።

ይህ ጥናት ለእኛ በላስታ ደጋ፣ በሙጃና በአካባቢዋ ለምንኖር ምእመናን ምን ያገባናል የሚል ይኖር ይሆናል። እጅግ ያገባናል፤ ምክንያቱም ሊቃውንቱ በሚያከብሩት ግሪክኛና ላቲን ያጡትን ነገር ሲፈልጉ ያገኙት በአባቶቻችን ብራና ላይ ነውና።

አስቀድመን የሥራቸውን መንገድ እንመልከት። መጽሐፍ በእጅ ሲገለበጥ የጸሐፊው ዐይን ከመስመር ወደ መስመር ይዘላል፤ ተመሳሳይ ፊደላትን ያምታታል፤ በኅዳግ የተጻፈውንም ማብራሪያ የንባቡ ክፍል መስሎት ያስገባል። ሊቁ እንግዲህ የሚገኙትን ቅጂዎች ሰብስቦ ቃል በቃል ያመሳክራል። ነገሩ የድንበር ክርክር እንደሚፈርዱ ሽማግሌዎች ሥራ ነው። ዐሥር ምስክሮች ቢቆሙ፣ ሁሉም ከአንድ ሰው የሰሙ ከሆነ እንደ አንድ ምስክር ይቈጠራሉ። ቅጂዎችም እንዲሁ ናቸው፤ የተመዘነ እንጂ የተቈጠረ ምስክር እውነቱን አያሳይም።

የዚህን ፍሬ በሦስት መጻሕፍት እናያለን።

የመጀመሪያው መጽሐፈ ሄኖክ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ይቈጠራል፤ በካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ግን ከ73ቱ አንዱ አይደለም። ሆኖም የይሁዳ መልእክት በቁጥር 14 ሄኖክን ይጠቅሳልና ለማንኛውም መምህር የሚጠቅም ነው። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ የግዕዙን ቅጂዎች በ1773 ወደ አውሮጳ ወሰደ። በ1821 ሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ ተረጐሙት፤ በ1851 ጀርመናዊው አውጉስት ዲልማን አምስት ቅጂዎችን አመሳክረው ግዕዙን አሳተሙ። በ1886 እና በ1887 መካከል በግብፅ አክሚም በተባለ ስፍራ የግሪክኛው ክፍል ተገኘ፤ ነገር ግን የመጀመሪያዎቹን 32 ምዕራፎች ብቻ የያዘ ነበር። በኋላም በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን የተገኙት የአራማይክ ጽሑፎች ቍርጥራጮች ናቸው። መጽሐፉ በሙሉ የሚገኘው እስከ ዛሬ በግዕዝ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መጽሐፈ ኩፋሌ ነው። የሚላኖው ካህን አንቶኒዮ ቼሪያኒ የላቲኑን ክፍል በ1861 አሳተሙ። ያገኙትም የፊተኛው ጽሑፍ ተፍቆ ሌላ በተጻፈበት ብራና ላይ ነው። ላቲኑ ከመጽሐፉ ሲሶ ያህሉን ብቻ ስለያዘ፣ የቀረውን ለማወቅ ግዕዙን ማንበብ ግድ ሆነ።

ሦስተኛው ከቀደምት ክርስቲያኖች ጽሑፎች አንዱ የሆነው «የሄርማስ እረኛ» ነው። አንቶዋን ዳባዲ የግዕዙን ትርጉም በ1847 በጕንዳጕንዴ ገዳም አግኝተው፣ በ1860 ከላቲን ትርጉም ጋር አሳተሙት። የግሪክኛው ቅጂ መጨረሻ የጎደለ ስለሆነ ግዕዙ ከላቲኑ ጋር ምስክር ሆኖ ይቆማል።

በዚህም ምክንያት ዲልማን በ1857 የግዕዝ ሰዋስው፣ በ1865 ደግሞ የግዕዙን ቃላት በላቲን የሚፈታ መዝገበ ቃላት አዘጋጁ። ግሪክኛንና ላቲንን ለመመርመር የተሠራው መሣሪያ ግዕዝን ለመመርመር ዋለ።

ይሁን እንጂ የዚህን ጥናት ሌላ ገጽ መሸፈን አይገባንም። በ1868 የእንግሊዝ ጦር የላስታንና የዋድላን ደጋ አቋርጦ መቅደላ ደረሰ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደርና ከሌሎች አድባራት የሰበሰቧቸው መጻሕፍት ተዘረፉ፤ በደላንታ ሜዳም ለጨረታ ቀረቡ። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪታንያ ሙዚየም ሰው 350 ያህል ብራናዎችን ለሙዚየሙ አገኘ፤ ዊልያም ራይትም በ1877 ዝርዝራቸውን አሳተሙ። አር. ኤች. ቻርልስ መጽሐፈ ሄኖክን በ1893 እንደገና ሲተረጕሙ ከተመረኰዙባቸው ቅጂዎች አንዱ ከእነዚህ ወገን ነበር፤ በ1906 ያሳተሙት የግዕዝ ንባብም በ23 ቅጂዎች የተመሳከረ ነው። የላስታው ንጉሥ የቅዱስ ላሊበላ ገድል እንኳ በ1892 በፓሪስ የታተመው ለንደን ከሚገኝ ብራና ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1872 ጠይቀው አንድ የክብረ ነገሥት ቅጂ ተመልሶላቸዋል፤ አብዛኞቹ ግን ዛሬም በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። የሊቃውንቱን ትጋት ስናመሰግን መጻሕፍቱ የሄዱበትን መንገድ ትክክል ነው አንልም። መልካም ፍሬ የተገኘበት መሆኑ ዝርፊያን አያጸድቅም።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድር ነው?

አንደኛ፣ የገልባጩን ድካም ማክበር ነው። ስሙን እንኳ የማናውቀው ጸሐፊ በመቃ ብዕሩ የዓለም ሊቃውንት ያጡትን ጠበቀ። የሁለተኛው ቫቲካን ጉባኤም በ1965 ስለ መለኮታዊ ግልጸት ባወጣው ሰነድ፣ ቤተ ክርስቲያን የምሥራቁንና የላቲኑን ጥንታዊ ትርጉሞች ሁልጊዜ እንደምታከብር አስታውቋል።

ሁለተኛ፣ ምርምር የእምነት ጠላት አይደለም። ቅጂን ከቅጂ የሚያመሳክር ሰው ቃሉን ሊያፈርስ ሳይሆን ሊያጠራ ይደክማል።

ሦስተኛ፣ በቤታችን ያለውን እንጠብቅ። ብራናን ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ መውሰድ ሳያስፈልግ ማጥናት እንደሚቻል ታይቷል፤ ከ1973 ጀምሮ በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚገኙት የቤኔዲክቶስ ማኅበር መነኰሳት ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጋር ተባብረው የብዙ ሺህ ብራናዎችን ሥዕለ ፊልም ሲያስነሡ፣ መጻሕፍቱ የየደብራቸው ንብረት ሆነው ቀርተዋል። በጣና ሐይቅ በክብራን ደሴት የቆየው የ15ኛው መቶ ዓመት መጽሐፈ ሄኖክም በ1983 ለታተመ የእንግሊዝኛ ትርጉም መሠረት ሆነ። ከቤቱ ያልወጣው ቅጂ ቻርልስ በለንደን ካነበቡት ይልቅ የቀደመ ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ የጎረቤታችን ደብር ብራና ከጢስ፣ ከፍሳሽ፣ ከአይጥና ከሻጭ እጅ እንዲድን መርዳት የሁላችን አደራ ነው። ልጆቻችን ግዕዝን ማንበብ ካልቻሉ ግን ሣጥኑን ጠብቀን መክፈቻውን እንደ ጣልን ይቈጠራል።

ለውይይት

1. ብዙ ቅጂዎች መኖራቸው ስለ ምን ብቻውን እውነቱን አያሳይም?

2. ግሪክኛውና ላቲኑ የጎደሉበትን ስፍራ ግዕዙ እንዴት ሞላ?

3. በአጥቢያችን ያሉትን ጥንታውያን መጻሕፍት ለመጠበቅና ወጣቶችን ግዕዝ ለማስተማር ምን ማድረግ እንችላለን?