ንፋስ ቀንሶ መሄድ፣ ንፋስ ሞልቶ መመለስ

ለመስክ ሠራተኞችና ለጉባኤ የጥናት ቡድኖች የቀረበ ትምህርት



በአርባ ምንጭ ዙሪያ የሚሠራ የፕሮጀክት መኪና በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ዓይነት መንገድ ያገኛል። ጠዋት ከከተማው በአስፋልት ይነሣል። ወደ ጋሞ ደጋ ከወጣ የድንጋይ ዳገትና ቀይ ሸክላ አፈር ይጠብቀዋል። ወደ ዓባያና ወደ ጫሞ ሐይቆች ዳርቻ ከወረደ ደግሞ የደረቅ ወንዝ አሸዋና መረሬ አፈር ይገጥመዋል። በዚህ ሁሉ ላይ የሚሽከረከረው ግን ያው አንድ ጎማ ነው።

የዚህ ትምህርት ዓላማ ሦስት ነገር ማስረዳት ነው። አንደኛ፣ ጎማው ከመንገዱ ጋር እንዲስማማ ንፋሱን እንዴት እንደምንቀንስ፤ ሁለተኛ፣ መቼና እንዴት መልሰን እንደምንሞላ፤ ሦስተኛ፣ «ቢድሎክ» የሚባለው ጎማን ቆልፎ የሚይዝ ቸርኬ ለሥራችን ያስፈልግ እንደ ሆነ። ትምህርቱ ለሾፌሮች ብቻ የታሰበ አይደለም። ከሾፌሩ አጠገብ የምትቀመጠው ነርስ፣ እህል የሚያስረክበው ሠራተኛ፣ ለመኪናው መግዣ ያዋጣው የጉባኤ አባል ሁሉ ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል።

1. አንድ ቀን የደረሰብን

ከዓመታት በፊት ለሕፃናት አልሚ ምግብ ጭነን በጫሞ በኩል ወዳለ አንድ የቆላ ቀበሌ ስንሄድ ደረቅ ወንዝ መካከል አሸዋ ያዘን። ሾፌራችን ወጣት ነበር። ነዳጅ በሰጠ ቁጥር ጎማው ጉድጓዱን እያጠለቀ ሄደና በመጨረሻ የመኪናው ሆድ አሸዋው ላይ ተኛ። የአካባቢው ገበሬዎች አካፋና ቅጠል ይዘው መጡ። ጭነቱን አወረድን፤ ገፋን፤ ቆፈርን። ሦስት ሰዓት ሙሉ ብንለፋም መኪናው አልነቃነቅ አለ። ወዲያ ማዶ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ከጠዋት ጀምሮ ዛፍ ጥላ ሥር ይጠብቁን ነበር።

በኋላ አንድ ሸምገል ያለ የጭነት መኪና ሾፌር በእግሩ መጣ። ጎማዎቹን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ፣ «ልጄ፣ መኪናህ ምንም አልሆነ፤ ጫማው ነው የጠበበው» አለ። ልጁም «እንዴት ጋሼ?» ሲለው መልስ ሳይሰጥ ተንበረከከና የቫልቩን ክዳን ፈቶ በክብሪት እንጨት ጫፍ ንፋሱን ማስወጣት ጀመረ። አራቱንም ጎማ እንዲሁ አደረገ። ከጎማዎቹ ፊት ያለውን አሸዋ አስጠርጎ፣ «በል በሁለተኛ ማርሽ፣ ቀስ ብለህ፤ ነዳጅ አታብዛ» አለው። መኪናው ወጣ። ምግቡም በዚያው ቀን ታደለ።

ሽማግሌው ሲሰናበተን «አስፋልት ስትደርሱ ንፋስ ሙሉ፤ አደራ» ብሎን ነበር። እኛ ግን ፓምፕ አልያዝንም፤ መሽቶብንም ነበር። ወደ ከተማ የምናደርሳት አንዲት ምጥ የጠናባት ሴትም አብራን ነበረች። ስለዚህ እንደ ልማዳችን በፍጥነት ነዳን። ጥቂት እንደ ሄድን የተቃጠለ ጎማ ሸተተን። ወርደን ስናይ የኋላው ቀኝ ጎማ በእጅ የማይነካ ሆኖ ግሏል፤ ግድግዳው ዙሪያውን ተሰነጣጥቆ ውስጡ ያለው ክር ይታያል። በዚያ ፍጥነት ላይ ቢፈነዳ ኖሮ መኪናው ይገለበጥ ነበር። በስኮርታው ቀየርነውና እየተንፏቀቅን ገባን። እናቲቱ በሰላም ተገላገለች፤ እኛ ግን ግማሽ ዕውቀት ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ተማርን። ንፋስ መቀነስን ተምረን ንፋስ መሙላትን ትተን ነበርና።

2. ንፋስ ሲቀንስ ምን ይሆናል?

አህያ ጭቃ ውስጥ ስትሰምጥ ግመል አሸዋ ላይ በቀላሉ ይሄዳል። ግመል ከአህያ የቀለለ ሆኖ አይደለም፤ የእግሩ መዳፍ ሰፊ ስለ ሆነ ነው። የጎማም ነገር ይኸው ነው።

በአንድ ጎማ ላይ 700 ኪሎ ግራም ክብደት አርፏል እንበል። የጎማው ንፋስ 35 ፒ.ኤስ.አይ. (2.4 ባር ያህል) ሲሆን መሬቱን የሚነካው የጎማ ክፍል ስፋት 285 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ንፋሱን ወደ 18 ብናወርደው ስፋቱ ወደ 550 ይደርሳል። የጎማው ግድግዳ የሚሸከመው ስላለ ቁጥሩ በትክክል ይህ ባይሆንም፣ መዳፉ እጥፍ ወደ መሆን ይቀርባል። መዳፉ የሚጨምረው ደግሞ ይበልጡን ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ርዝመቱ ነው። ስለዚህ ጎማው አሸዋውን ከመቆፈር ይልቅ በላዩ ላይ ይሄዳል።

ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም። እንግሊዛዊው ራልፍ ባግኖልድ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የግብፅንና የሊቢያን በረሃ በፎርድ መኪናዎች ሲያቋርጥ የጎማ ንፋስ እየቀነሰ፣ ጎማው ሥር የሚነጠፍ የብረት ሰሌዳ እየያዘ ይጓዝ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካኖች የሠሩት «ዳክ» የተባለው በውኃም በየብስም የሚሄድ መኪና ደግሞ ሾፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሣ ንፋስ የሚቀንስበትና የሚሞላበት መሣሪያ ነበረው። እኛ ያን መሣሪያ ባይኖረንም ሥራውን በመለኪያና በፓምፕ ልንሠራው እንችላለን።

ንፋስ መቀነስ ሌላም ጥቅም አለው። ለስለስ ያለ ጎማ መንገዱን አይቆፍርም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት ፕሮግራም በሀገራችን ብዙ የገጠር መንገድ በሕዝቡ ጉልበት ተሠርቷል። በአካፋና በዶማ የተሠራን መንገድ በጠጣር ጎማ አርሰን ብንሄድ የባለቤቶቹን ድካም ማባከን ነው።

3. ምን ያህል እንቀንስ?

መነሻው ሁልጊዜ በመኪናው በር አጠገብ ወይም በመጽሐፉ ላይ የተጻፈው፣ ለጫነው ጭነት የተወሰነው ልክ ነው። ከዚያ በመነሣት የሚከተለውን መሠረት ማድረግ ይቻላል።

ሀ) አስፋልት፦ ሙሉ ልክ። ምንም አይቀነስም።

ለ) ጠጠርና ሞገድ የበዛበት መንገድ፦ ከልኩ አንድ አራተኛ ያህል መቀነስ። ፍጥነትም ይቀነሳል።

ሐ) አሸዋ፦ እስከ ልኩ ግማሽ። በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ አይነዳም፤ መሪም በድንገት አይጠመዘዝም።

መ) ሹል ድንጋይ ያለበት ዳገት፦ መጠነኛ ቅነሳ ብቻ። ለስላሳ ጎማ ድንጋዩን አቅፎ ያልፋል፤ ግን ግድግዳው ወደ ውጭ ስለሚያብጥ ስለቱ በጎን ሊቀደው ይችላል።

ሠ) ጭነት ሲበዛ፦ ቅነሳው ያንሳል። ባዶ መኪና የሚችለውን የተጫነ መኪና አይችልም።

ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። በጉዞ የሞቀ ጎማ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያልና፣ «በዝቷል» ብሎ ማስተንፈስ ስሕተት ነው። በእኛ አካባቢ ደግሞ የከፍታውም ነገር አለ። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ፣ ጨንቻ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ናት። ወደ ላይ ስንወጣ የውጭው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው 2 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ይጨምራል። በአርባ ምንጭ የቀትር ሙቀት የተሞላ ጎማ በጨንቻ ብርድ ሲያድር ግን 3 ያህል ይቀንሳል። ሁለቱ ሊካካሱ ቢቀርቡም በግምት አንሂድ፤ ባደርንበት ቦታ ጠዋት እንለካ።

4. የውስጥ ጎማና ባለ ቀለበት ቸርኬ

ብዙ የመስክ መኪናዎች የሚሄዱት በውስጥ ጎማ ነው። ንፋስ በጣም ሲቀንስ የውጭው ጎማ በቸርኬው ላይ ይንሸራተትና የውስጡን ጎማ ጎትቶ ቫልቩን ይቆርጠዋል። ይህን ለማወቅ በጎማውና በቸርኬው ላይ የሚያልፍ አንድ መስመር በጠመኔ ማስመር ይበቃል። መስመሩ ከተዛነፈ ጎማው ተንሸራቷልና ንፋስ መጨመር አለበት።

ቸርኬው በብረት ቀለበት የሚዘጋ ዓይነት ከሆነ ጥንቃቄው ይበረታል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቸርኬ ከልኩ ከአንድ አምስተኛ በላይ አንቀንስ። ከዚያ በታች ወርዶ የተነዳ ከሆነ ንፋስ ከመሞላቱ በፊት ጎማው ሙሉ በሙሉ ተንፍሶ፣ በሚያውቅ ጎሚስታ ተፈትቶ፣ ቀለበቱ በቦታው መሆኑ መታየት አለበት። ንፋስ ሲሞላም በረጅም ቱቦ፣ ከጎን ቆሞ ይሁን። በቦታው ያልተቀመጠ ቀለበት እንደ ጥይት ተወርውሮ ሰው ይገድላል።

5. ቢድሎክ ምንድን ነው?

በተለመደው ቸርኬ ላይ የጎማውን ከንፈር ከብረቱ ጋር አጣብቆ የሚይዘው ንፋሱ ራሱ ነው። ንፋሱ በጣም ሲያንስና መኪናው ሲታጠፍ ከንፈሩ ከቦታው ይወጣና ጎማው ባንድ ጊዜ ይተነፍሳል። ቢድሎክ ይህን ለመከላከል የተሠራ ነው። ከውጭ በኩል አንድ ወፍራም ቀለበት ይመጣና በብዙ ቡሎኖች እየታሰረ የጎማውን ከንፈር ይነክሰዋል። በዚህ ምክንያት ከ10 ፒ.ኤስ.አይ. በታች እንኳ መንዳት ይቻላል። ለድንጋይ መውጣት ውድድርና በረዶ ለሚያቋርጡ መኪናዎች ይጠቅማል።

ሲገጠም ሥርዓት አለው። የቸርኬውና የቀለበቱ ፊት ይጸዳል፤ የጎማው ከንፈር በመካከል በትክክል ይቀመጣል፤ ቡሎኖቹ ሁሉ መጀመሪያ በእጅ ይያያዛሉ። ከዚያ እንደ መስቀል ትይዩ ትይዩውን እየተዘዋወሩ፣ ጥቂት በጥቂት፣ የማጥበቂያ ኃይልን በሚለካ ቁልፍ ሠሪው በወሰነው ልክ ይጠብቃሉ። ጥቂት ከተነዳ በኋላ እንደገና ይፈተሻሉ፤ ከዚያም በየጊዜው። አንድ የላላ ቡሎን ጎረቤቱን ያላላል።

ታዲያ ለእኛ ያስፈልገናል? በእኛ አስተያየት አያስፈልግም። የእኛ ሥራ የሚጠይቀው ቅነሳ ከልኩ ግማሽ ያህል ነው፤ በዚያ ልክ ጤናማ ጎማ በተለመደው ቸርኬ ላይ ይቆያል። ቢድሎክ ግን ክብደት ይጨምራል፤ ለማመጣጠን ያስቸግራል፤ ብዙዎቹ ሠሪዎችም ከመንገድ ውጭ ላለ ጉዞ ብቻ ብለው ይሸጡታል። ለውስጥ ጎማም የተሠራ አይደለም። በገጠር ከተማ ያለ ጎሚስታ ሊጠግነው አይችልም። በውጭ ምንዛሪ ከሚገዛ አንድ ቢድሎክ ይልቅ ጥሩ መለኪያና ጥሩ ፓምፕ ይቅደም። ከሁሉ በላይ፣ በመንደር ጋራዥ ቀለበት በብየዳ አስገጥሞ «ቢድሎክ» ማለት ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን።

6. መመለስ

ንፋስ የሚቀንስ ሾፌር የሚሞላበትን ሳይይዝ አይነሣ። ከባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር፣ ካልሆነም የእግር ፓምፕ ይበቃል። በንፋስ ፍሬን የሚሠራ የጭነት መኪና ካገኘን፣ ሾፌሩን አስፈቅደን ከታንኩ በቱቦ መሙላት ይቻላል። ምንም ከሌለ ቀርፋፋ ጉዞ ብቻ ነው መፍትሔው፤ በየጥቂቱ እየቆሙ ጎማውን በእጅ መዳሰስ። ቢቸኩሉም፣ ቢመሽም፣ ታማሚ ቢኖርም። ለታማሚዋ የሚሻላት ዘግይቶ የሚደርስ መኪና ነው።

በመጨረሻም፣ ንፋስ የማይፈታው ነገር እንዳለ እንወቅ። ዝናብ የጠገበ ቀይ ሸክላ ቁልቁለት ላይ ለስላሳ ጎማም ይንሸራተታል። እዚያ የሚረዳው ሰንሰለት ነው፤ ከሰንሰለትም መጠበቅ ይሻላል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤታችን በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ የተናደው መሬት ከ200 በላይ ሰዎችን ቀብሯል፤ ለመርዳት የሮጡትም ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። ውኃ የጠጣ ተራራ ሥር ከመግባት በፊት የአካባቢውን ሰው መጠየቅ ከሁሉ የሚቀድም ትምህርት ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በመኪናችን ውስጥ የሚሠራ የንፋስ መለኪያና ፓምፕ አለ? ለመጨረሻ ጊዜ የተፈተሹት መቼ ነው?

2. የመኪናችን ቸርኬ ምን ዓይነት ነው? ባለ ቀለበት ከሆነ ሾፌሩ አደጋውን ያውቃል?

3. በታሪኩ ውስጥ ያሉት ሠራተኞች የሽማግሌውን አደራ ለምን ዘነጉ? እኛስ በችኮላ የምንዘነጋው ምንድን ነው?

4. ሾፌሩ «ንፋስ ልሙላ፤ ጠብቁኝ» ሲል አብረውት ያሉት ምን ይሉታል? ሊሉት የሚገባውስ ምንድን ነው?