ከራካ ሆኖ ደሴ ያሉ ወላጆችን መጦር

ሳዑዲ ውስጥ በደማምና በኸበር መካከል ባለችው ራካ ሰው ቤት ከሚሠሩትና መኪና ከሚነዱት ኢትዮጵያውያን መካከል የወሎ ልጆች አይጠፉም። አብዛኞቹ ወር በገባ ቁጥር «ለእናቴ» ብለው ይልካሉ። ገንዘቡ ግን አንድ ዘመድ እጅ ይገባና ጤፉም፣ የታናሽ ወንድም የትምህርት ቤት ክፍያም፣ የለቅሶው ወጪም ከዚያው ላይ ይነሳል። የእናት የደም ግፊት መድኃኒት መጨረሻ ላይ ይደርሰዋል፤ አንዳንዴም አይደርሰውም። ስለዚህ ገንዘቡ ከራካ ሳይወጣ መከፋፈል አለበት፤ ከሁሉ በፊትም አዛውንቱን የምታነሳው፣ የምታጥበውና የምታበላው ሰው ድርሻ በግልጽ ይመደብ። ደሴን ምሳሌ አድርጌ የምጽፈው ለኮምቦልቻም ለወልዲያም ይሠራል።

መጀመሪያ፦ ያሉበትን ሁኔታ እወቁ

«እንዴት ናችሁ» ስትሉ «አልሐምዱሊላህ» ወይም «እግዚአብሔር ይመስገን» ከማለት ሌላ መልስ አይሰጧችሁም። ልጅ በሰው አገር እየለፋ እንዳይጨነቅ ሕመማቸውን ይደብቃሉ። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ጠይቁ፦ ውኃ ማን ይቀዳል? ሌሊት አብሯቸው የሚያድር አለ? በዚህ ዓመት ወድቀው ያውቃሉ? ሽንት ቤት ብቻቸውን ይሄዳሉ? በኢሞ ስትደውሉ የመድኃኒቱን እሽግ ከፍተው እንዲያሳዩአችሁ አድርጉ። ስንት ፍሬ እንደቀረ ስታዩ እየወሰዱ መሆን አለመሆናቸውን ታውቃላችሁ። ከቤት ሰው ሌላ ጎረቤትም ጠይቁ፤ ጎረቤት የሚያየውን የቤት ሰው ለምዶት አይናገረውም።

አስታማሚ ከመቅጠራችሁ በፊት ዓይናቸውን አስመርምሩ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ለእኔ ግን ዋናው ይህ ነው። «እማዬ አርጅታለች፣ ከቤት አትወጣም» የሚባልላቸው ብዙ እናቶች ከቤት የያዛቸው የዓይን ሞራ ነው። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሳል፤ ቀዶ ሕክምናው ራሱ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፣ ሙሉ ማደንዘዣም አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ጠብታ መጨመርና ዓይንን ከጭስና ከአቧራ መጠበቅ ነው። ለደሴ ሰው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና የታወቀ ነው። አንዲት እናት ማየት ከጀመሩ ቡናቸውን ራሳቸው ያፈላሉ፣ ሽንት ቤት ለመሄድ ሰው አይጠብቁም፣ የመውደቅ አደጋውም ይቀንሳል። የአስታማሚ ወጪው ያኔ በግማሽ ሊወርድ ይችላል። ችግሩ ሞራ ሳይሆን ግላኮማ ከሆነ ግን የጠፋው ብርሃን አይመለስም፤ የቀረውን ለማዳን ቶሎ መታየት ያስፈልጋል።

የደም ግፊት መለኪያ ከነህዲ ወይም ከደዋ ፋርማሲ ገዝታችሁ ወደ አገር ቤት በሚገባ ሰው ላኩ። በክንድ ላይ የሚታሰረውን ምረጡ፤ በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው በቀላሉ ይሳሳታል። ከመለካታቸው በፊት አምስት ደቂቃ ተቀምጠው ይረፉ፤ ቁጥሩ በደብተር ይጻፍ። ደጋግሞ ከ140 በ90 በላይ የሚመጣ ከሆነ ደብተሩን ይዘው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። መድኃኒት ግን ከዚህ በግምት ገዝታችሁ አትላኩ።

ያላቸውን መብት አስከብሩ

ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አገራችን ውስጥ በ2003 ዓ.ም. በተመረጡ ወረዳዎች ተጀምሮ የተስፋፋ ነው። መዋጮው በዓመት አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ የምዝገባው ወቅት ካለፈ ቀጣዩን መጠበቅ ነው። ወቅቱ መቼ እንደሆነ ቀበሌ አስጠይቁና የመዋጮውን ገንዘብ አስቀድማችሁ ላኩ። ወላጆች ከእህታችሁ ቤተሰብ ጋር የሚኖሩ ከሆነ በማን መዝገብ እንደሚገቡም ይጠየቅ። የመድኅኑን ካርድ ይዞ ቀጥታ ሆስፒታል መሄድ አያዋጣም፤ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይዞ መሄድ ነው።

አባታችሁ አስተማሪ፣ ወታደር፣ ፖሊስ ወይም ሌላ የመንግሥት ሠራተኛ ከነበሩና ጡረታ የሚያስገኝ አገልግሎት ከነበራቸው፣ ካረፉ በኋላ ባለቤታቸው የጡረታውን 50 በመቶ የማግኘት መብት አላቸው። ወረቀት ማሟላት ከብዷቸው የተውት እናቶች አሉ። የጋብቻና የሞት ማስረጃውን የሚያሰባስብ ዘመድ መድቡ። የፋይዳ መታወቂያም ይውጣላቸው፤ ባንኮች እየጠየቁ ነው።

ምንም ደጋፊ ለሌላቸው አረጋውያን ደግሞ በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ አለው። መጀመሪያ ከተጀመረባቸው 11 ከተሞች አንዷ ደሴ ናት። ውጭ አገር ያለ ልጅ የሚልክላቸው ግን ይህን ቦታ ለሌለው ይተዉለት።

ለምታስታምመው ይከፈላት

በአብዛኛው አንዲት እህት ወይም የእህት ልጅ አለች። እሷ ሥራ ትታ፣ ትምህርት አቋርጣ፣ አንዳንዴም ትዳሯን አዘግይታ ወላጅ ታነሳለች። ራካ ያለው ልጅ «ጧሪ» ሲባል እሷን የሚያነሳት የለም። ይህ ትክክል አይደለም። የወር ክፍያዋን በብር ተነጋግራችሁ ወስኑ፤ በራሷ ሒሳብ ይግባላት፣ ወንድም ወይም አጎት እጅ አይለፍ። በሳምንት አንድ ቀን የምትተካት ጎረቤት ፈልጉና ለእሷም ትንሽ መድቡ። አስታማሚዋ ከውጭ የምትቀጠር ከሆነ የምታውቁት ሰው ተያዥ ይሁናት፤ የምታድርበት፣ የምትበላውና የዕረፍት ቀኗ ከመጀመሪያው ይነገር። እናንተም ሰው ቤት ስትቀጠሩ የፈለጋችሁት ይህንኑ ነው።

ወላጅ አልጋ ላይ ከዋሉ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ እንደሚያስፈልግ አስታማሚዋ ትወቅ። ተረከዛቸው፣ ዳሌያቸውና የወገባቸው ታች ቀልቶ አልጠፋ ካለ ቁስል እየመጣ ነውና ጤና ጣቢያ ይነገር።

የገንዘቡ አከፋፈል

ሪያል ከዶላር ጋር በ3.75 የታሰረ ነው፤ ብር ግን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ይወሰናል። እናንተ የምትልኩት ሪያል ሳይጨምር እዚያ የሚደርሰው ብር ይጨምራል፤ የጤፉና የመድኃኒቱ ዋጋም አብሮ ይወጣል። ስለዚህ የአስታማሚዋን ክፍያ በየስድስት ወሩ ከልሱ። በወር 400 ሪያል የሚልክ ሰው ለምሳሌ 150ውን ለአስታማሚዋ፣ 150ውን ለምግብና ለቤት፣ 50ውን ለመድኃኒት፣ 50ውን ለድንገተኛ ሕመም ሊያደርገው ይችላል። የድንገተኛው የተለየ ሒሳብ ውስጥ ይቀመጥ፤ ወለድ የማይፈልግ ከወለድ ነፃ ሒሳብ ይከፍታል። የቅሬ (የዕድር) መዋጮም አይረሳ።

በኢንጃዝ፣ በታህዊል አል ራጅሂ ወይም ፈቃድ ባለው ሌላ መንገድ ላኩ። በሰው እጅ የሚሄደው ሐዋላ እዚህ አገር ወንጀል ነው፤ ገንዘቡ ቢጠፋም ከሳሽ መሆን አትችሉም። ደረሰኙን በስልካችሁ አስቀምጡ፤ ወንድማማች የሚጣላው «ስንት ላክህ፣ ስንት ደረሰ» ላይ ነው።

ለዕለት እንክብካቤ ውክልና አያስፈልግም። በእናንተ ስም ቤት ወይም ሌላ ንብረት ካለ ግን ሪያድ ያለው ኤምባሲ መሄድ ነው፤ ከደማም በባቡር አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ውክልናው አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል።

ቤት ውስጥ ካልተቻለ

አዲስ አበባ ያለው መቄዶንያ ጎዳና ላይ የወደቁትን በነፃ የሚያነሳ የበጎ አድራጎት ማዕከል ነው፤ ክፍያ ተቀብሎ የሰው ወላጅ የሚይዝ ቤት አይደለም። ላኪ ልጅ ያለው ሰው እዚያ የአንድ ምስኪን አልጋ ባይይዝ እመርጣለሁ። የተሻለው መንገድ ለሆስፒታል ቅርብ በሆነ ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራይቶ ወላጅንና አስታማሚን አብሮ ማኖር ነው፤ ሁለት ሦስት ወንድማማቾች ሲካፈሉት ይቻላል።

የራሳችሁ እርጅና

ሳዑዲ ለውጭ ዜጋ ሠራተኛ ጡረታ አትከፍልም፤ አሠሪ ለማኅበራዊ ዋስትና የሚከፍለው 2 በመቶ ለሥራ ላይ አደጋ ብቻ ነው። የኩባንያ ሠራተኛ የአገልግሎት መጨረሻ ክፍያ አለው፦ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በዓመት የግማሽ ወር፣ ከዚያ በኋላ በዓመት የሙሉ ወር ደመወዝ። በ2,000 ሪያል 8 ዓመት የሠራ 11,000 ሪያል ይደርሰዋል፤ በራሱ ፈቃድ ከለቀቀ ግን ከዚያ ሁለት ሦስተኛውን ነው። የቤት ሠራተኛና የቤት ሾፌር በሌላ ደንብ ይተዳደራሉ፤ አራት ዓመት ላገለገለ የአንድ ወር ደመወዝ አለው። አገር ቤት ገብታችሁ ጡረታ በሚከፈልበት ሥራ ቢያንስ 10 ዓመት ብታገለግሉ በ60 ዓመታችሁ ጡረታ ታገኛላችሁ፤ ይህን ያሰበ ሰው 50 ዓመት ሳይሞላው መመለስ አለበት። የመውጫ ቪዛ ከመመታቱ በፊት ሒሳባችሁን በጽሑፍ ጠይቁ፤ «ሙሉ ተቀብያለሁ» በሚል ወረቀት ላይም ገንዘቡ ሒሳባችሁ ሳይገባ አትፈርሙ።