የድሮ ሙስታንግ ከመግዛትዎ በፊት አምስተኛዋን ፊደል ይጠይቁ



ክራውን ቪክቶሪያ የነዳ የታክሲ ባለንብረት ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ፎርድ ይህን መኪና እስከ 2011 ድረስ ሠርቷል። ከጨረታ ሲገዙት መጀመሪያ የሚታየው ቀለሙ ሳይሆን የሻንሲ ቁጥሩ ነበር። ቁጥሩ ውስጥ «ፒ71» ካለ ለፖሊስ የተሠራ ነው ብለን እንገዛለን። ወደ ድሮ መኪና ስንሄድ ግን ይኸው ጥንቃቄያችን የት እንደሚገባ አላውቅም። የሚያብረቀርቅ ቀይ ቀለም ስናይ ልባችን ይጠፋል።

አንድ ደንበኛዬ ታክሲ ነድቶ ለዓመታት ካጠራቀመው ላይ አንሥቶ «የ1965 ሙስታንግ ጂ.ቲ.» ገዛ። ሐሳቡ አቆይቶ አትርፎ ለመሸጥ ነበር። እኔ ዘንድ የመጣው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ፣ ወጪውን በታክሲው ሒሳብ እንዳስገባለት ነው። እኔ መኪና አዋቂ አይደለሁም፤ ቁጥር ማንበብ ግን ሥራዬ ነው። ወረቀቱን አገላብጠን ቁጥሩን ስናነብ መኪናው ከፋብሪካ ጂ.ቲ. ሆኖ ሊወጣ እንደማይችል ገባን። ላይ ላዩን ጂ.ቲ.፣ ውስጡን ለቄስ ሆኖ ተገኘ።

እንዴት አወቅን? ዛሬ የለመድነው ባለ 17 አኃዝ የሻንሲ ቁጥር የመጣው ከ1981 ሞዴል ወዲህ ነው። በ1965 እና በ1966 የተሠራ ሙስታንግ ቁጥሩ አጭር ሲሆን ለምሳሌ 5ኤፍ08ሲ100001 ይላል። የመጀመሪያው አኃዝ ዓመቱ ነው፤ 5 ማለት 1965፣ 6 ማለት 1966። ቀጥሎ ያለው ፊደል ፋብሪካው ነው፤ ኤፍ ዲርቦርን፣ አር ሳን ሆሴ፣ ቲ ሜተቸን። ከዚያ 07 ከሆነ ተራው ባለ ጣሪያ፣ 08 ከሆነ ጣሪያው የሚታጠፈው፣ 09 ከሆነ ጀርባው የተንሸራተተው ፋስትባክ ነው። አምስተኛዋ ቦታ ላይ ያለችው ፊደል ሞተሩን ትናገራለች። ዋጋው ያለው እዚች ላይ ነው።

ቲ ከሆነ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 120 የፈረስ ጉልበት ነው። ሲ ከሆነ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ባለ 289 ኪዩቢክ ኢንች፣ 200 የፈረስ ጉልበት። ኤ ደግሞ ያው 289 ሆኖ ካርቡራተሩ ባለ አራት ጉሮሮ ነው፤ 225 ይደርሳል። ኬ ከሁሉም ብርቁ ሲሆን 271 ነው። (ቲ እና ኤፍ በሁለት ቦታ ሊመጡ ስለሚችሉ ቦታቸውን ቆጥረው ያንብቡ።) አሁን ልብ ይበሉ። ፎርድ የጂ.ቲ. ዕቃውን ማቅረብ የጀመረው በኤፕሪል 1965 ሲሆን የሰጠውም ኤ ወይም ኬ ሞተር ላለው መኪና ብቻ ነው። የደንበኛዬ ቁጥር ሲ ይል ነበር። የፊት ጭጋግ መብራቱም፣ የጎን መስመሩም፣ ከኋላ ፓራውልት ሥር ብቅ ያለው ጥንድ ማርሚታም ዛሬ በአዲስ ተሠርተው የሚሸጡ ዕቃዎች ናቸው። ማንም ገዝቶ ይገጥማቸዋል።

ቁጥሩ የታተመው በሹፌሩ በኩል፣ ኮፈኑ ሲከፈት ከፓራፋንጎው ጠርዝ አጠገብ ባለው የውስጥ ቆርቆሮ ላይ ነው። ባትሪ ይዘው ይሂዱ። በሩ ጠርዝ ላይ የተመታች ትንሽ ሰሌዳም አለች፤ እሷን ግን ብቻዋን አይመኗት። በር ይቀየራል፣ ሰሌዳዋም አዲስ ተሠርታ ትሸጣለች። ሰሌዳዋ፣ የታተመው ቁጥርና የባለቤትነት ወረቀቱ ሦስቱም አንድ ካልሆኑ ቀብድ እንዳይሰጡ። ለ1967 እና ከዚያ ወዲህ ለተሠሩት ፎርዶች ከፋብሪካው መዝገብ የሚወጣ «ማርቲ ሪፖርት» የሚባል ወረቀት በክፍያ ይገኛል፤ ለ1965 እና ለ1966 ግን ይህ ስለሌለ ያለን መተማመኛ ይኸው ቁጥር ነው።

ኮፈኑን ሳይከፍቱ ደግሞ ጎማውን ይዩ። ባለ ስድስት ሲሊንደሩ በእያንዳንዱ ጎማ አራት ብሎን፣ ባለ ስምንቱ አምስት ብሎን ነበረው። ሻጩ «ባለ ስምንት ነው» እያለ ጎማው አራት ብሎን ከሆነ፣ ሞተሩ ብቻ ተቀይሮ ፍሬኑና የኋላ አክሱ የቀላሉ መኪና ሆኖ ቀርቷል ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ከባዱን ሞተር ያ ፍሬን እንዲያቆመው ስለሚጠበቅ ሕይወትም አለበት።

«የ1964 ተኩል ነው» የሚልዎትም አይጠፋም። ሙስታንግ የወጣው በኤፕሪል 1964 ቢሆንም ፎርድ ሁሉንም 1965 ብሎ ነው የመታቸው። የመጀመሪያዎቹ በዲናሞ ይሠሩ ነበር፤ በኋላ ወደ አልተርኔተር ተለወጠ። አምስተኛዋ ፊደል ዩ፣ ኤፍ ወይም ዲ ከሆነች ቃሉ እውነትነት አለው።

ወደ እኔ ሥራ ስመጣ፣ ለታክሲ ሥራ የማይውል መኪና የታክሲው ወጪ አይሆንም። ለግል ገዝተው ከስረው ከሸጡት ኪሳራው ከግብር አይቀነስም፤ ካተረፉ ግን ትርፉ ግብር አለው። ስለዚህ ለዕቃና ለጋራዥ የከፈሉበትን ደረሰኝ ሁሉ ያስቀምጡ፤ ሲሸጡ በግዢው ዋጋ ላይ ሊደመር ይችላል። ከነጋዴ ከ10,000 ዶላር በላይ በጥሬ ገንዘብ ከገዙ ነጋዴው ፎርም 8300 ሞልቶ ለአይ.አር.ኤስ. ማስታወቅ ስላለበት፣ መታወቂያ ሲጠይቅዎ አይደንግጡ።

ደንበኛዬ «ጂ.ቲ.» የሚለው ቃል በሽያጭ ውሉ ላይ ስላልነበረ ሻጩን የሚይዝበት አላገኘም። እርስዎ ሲዋዋሉ ሙሉ ቁጥሩንና የሞተሩን ፊደል በውሉ ላይ በእጁ እንዲጽፍና እንዲፈርምበት ያድርጉ።