ከተማ አደራ ናት
የፍሎረንሱ ከንቲባ ጆርጆ ላ ፒራ ሕይወትና ትምህርት



በየቁምስናችን ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ድኾች በደጃፋችን ተቀምጠው ሳለ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ለማደስ፣ የብራና መጽሐፍን ከብልና ከእርጥበት ለመጠበቅ ገንዘብና ጉልበት ማውጣት ተገቢ ነውን? ለዚህ ጥያቄ በሕይወታቸው መልስ ከሰጡ ምእመናን አንዱ ኢጣሊያዊው የፖለቲካ ሰው ጆርጆ ላ ፒራ ናቸው። ከንቲባ የነበሩባት ፍሎረንስ ለታሪካችንም እንግዳ አይደለችም፤ በኢየሩሳሌም ይኖሩ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተላኩ መልእክተኞች በ1441 ዓ.ም. በዚያች ከተማ በተካሄደው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ፊት ቀርበዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመምህርነት ወደ ሕዝብ አገልግሎት

ላ ፒራ በ1904 ዓ.ም. በሲሲሊያ ደሴት በምትገኘው በፖዛሎ ከተማ ተወለዱ። በ1926 ዓ.ም. ወደ ፍሎረንስ ሄደው ኑሯቸውን በዚያ መሠረቱ፤ በዩኒቨርሲቲውም የሮማውያን ሕግ መምህር ሆኑ። ትዳር ሳይመሠርቱ፣ የቅዱስ ዶሚኒኮስ ሦስተኛ ማኅበር አባል በመሆን፣ ለብዙ ዓመታት በቅዱስ ማርቆስ ገዳም በአንዲት ጠባብ ክፍል ኖሩ። በ1934 ዓ.ም. በቅዱስ ፕሮኮሎስ ቤተ ክርስቲያን የድኾችን ቅዳሴ አስጀመሩ፤ በዚያም ዳቦ ይታደል ነበር። በ1939 ዓ.ም. ስለ ሰው ክብርና ነጻነት የሚጽፍ መጽሔት ቢያቋቁሙ፣ የፋሺስት መንግሥት በ1940 ዓ.ም. ዘጋባቸው።

ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1946 ዓ.ም. የአገሪቱን አዲስ ሕገ መንግሥት ለሚያወጣው ጉባኤ ተመረጡ። ጉባኤው ያጸደቀው ሕገ መንግሥት በ9ኛው አንቀጽ ባህልን ማስፋፋትንና የታሪክና የሥነ ጥበብ ቅርስን መጠበቅን የሪፐብሊኩ ተግባር አድርጎ ደንግጓል።

ከንቲባው፣ ድልድዩና ቤት አልባው

ላ ፒራ ከ1951 እስከ 1957፣ እንደ ገናም ከ1961 እስከ 1965 ዓ.ም. የፍሎረንስ ከንቲባ ሆነው አገልግለዋል። የተረከቧት ከተማ ቁስለኛ ነበረች። በነሐሴ 1944 ዓ.ም. የሚያፈገፍገው የጀርመን ጦር ከአሮጌው ድልድይ በቀር የአርኖን ወንዝ ድልድዮች ሁሉ አፍርሶ ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት የተሠራው የቅድስት ሥላሴ ድልድይ፣ ከወንዙ የወጡት ድንጋዮች ጭምር ተሰብስበው፣ በቀድሞው መልኩ ታንጾ በ1958 ዓ.ም. ተከፈተ።

ይሁን እንጂ ድልድይ የሚታደስላት ከተማ ቤት የሌላቸው ልጆችም ነበሯት። ከንቲባው ባዶ የተተዉ ቤቶች ከመኖሪያቸው ለተባረሩ ቤተሰቦች ለጊዜው እንዲሰጡ አዘዙ። በ1954 ዓ.ም. ኢዞሎቶ የተባለው አዲስ የመኖሪያ ሰፈር ሲመረቅ የቤቱን ቁልፍ ለነዋሪዎቹ አስረከቡ። የፒኞኔ ፋብሪካ ሊዘጋ በተቃረበ ጊዜም ከሠራተኞቹ ጎን ቆሙ፤ ፋብሪካው በመንግሥት የነዳጅ ድርጅት ተወስዶ ሥራውን ቀጠለ። በዚህ ሁሉ ነቀፋ አልቀረላቸውም፤ ስመ ጥሩው የካቶሊካውያን ፖለቲካ መሪ አባ ሉዊጂ ስቱርዞ እንኳ በ1954 ዓ.ም. «ለመንግሥት ከሚገባው በላይ ሥልጣን ይሰጣሉ» በማለት ተከራክረዋቸዋል።

ትምህርታቸው

በሚያዝያ 1954 ዓ.ም. ላ ፒራ በጄኔቭ በዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ፊት ንግግር አደረጉ። የሐሳባቸው ፍሬ ነገር ይህ ነበር፤ ከተማ ያለፈው ትውልድ ያወረሰን፣ ለሚመጣው ትውልድም ልናስረክበው የሚገባ አደራ ነው። ስለሆነም ማንም መንግሥት በጦርነት ሊያጠፋው መብት የለውም። በ1955 ዓ.ም.፣ ምሥራቁና ምዕራቡ በጎሪጥ በሚተያዩበት ዘመን፣ የሁለቱም ወገን ዋና ከተሞች ከንቲባዎችን በፍሎረንስ ሰበሰቡ።

በከተማ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው ስፍራ ሊኖር እንደሚገባም ያስተምሩ ነበር፤ ይኸውም የሚጸልይበት ቤተ ክርስቲያን፣ የሚዋደድበት ቤት፣ የሚሠራበት የሥራ ቦታ፣ የሚማርበት ትምህርት ቤት፣ የሚፈወስበት ሆስፒታል ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ከተማዪቱ ጎደሎ ናት። እንግዲህ በእርሳቸው ዘንድ ቅርስና ድኻ ተፎካካሪዎች አልነበሩም፤ ሁለቱም ለአንድ ጠባቂ የተሰጡ አደራዎች ነበሩ እንጂ።

ላ ፒራ በ1977 ዓ.ም. አረፉ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2018 ዓ.ም. የክርስቲያናዊ ምግባራቸውን ልቀት የሚመሰክረው አዋጅ እንዲወጣ ፈቀዱ፤ ይህም ወደ ብፅዕና የሚያደርስ አንድ ደረጃ ነው።

ለእኛ

ነቢዩ ኤርምያስ በባቢሎን ለነበሩት ምርኮኞች በላከው መልእክት፣ በምርኮ ስላሉባት ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ አዘዛቸው (ኤር. 29)። የተማረኩባት ከተማ እንዲህ ከታሰበላት፣ አባቶቻችን ጸልየው ላቆዩልን ስፍራ ምን ያህል ልናስብ ይገባን ይሆን? የብራናው መጽሐፍ ሲጠበቅ ሕፃናቱ ማንበብን ይማሩበት፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ሲታደስም ሥራ ያጣው የሰፈራችን ወጣት በቅድሚያ ይቀጠርበት። ያን ጊዜ ቅርሱም ድኻውም በአንድነት ይጠበቃሉ።

ለውይይት

1. በቁምስናችን ከአባቶቻችን የተረከብነው ቅርስ ምንድን ነው? ጠባቂውስ ማን ነው?
2. ላ ፒራ ከዘረዘሯቸው አምስት ስፍራዎች በአካባቢያችን የጎደለው የትኛው ነው?
3. ቅርስን መጠበቅና ድኻን መርዳት በአንድ ሥራ የሚገናኙበትን መንገድ በምሳሌ አስረዱ።